አትነሺ

በቤታችን ታሪክ ውስጥ ጀግናዋ እኔ ነኝ። ጀግና የሆንኩት በሰባት ዓመቴ፣ በአንዲት ቃል ነው። አባቴ ያቺን ቃል በየአዲስ ዓመቱ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሲያወራ ኖሯል፤ እንግዶቹም በተራ በተራ ራሴን ይደባብሱኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሲያመሰግኑኝ ማቀርቀር አልችልበትም፤ ቀና ብዬ ነው የምቀበለው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ያቺን ቃል አላልኳትም።

ያደግነው ናጎያ ከተማ ነው። አባቴ በዓሣ ገበያ አጫራች ነበር። ጎህ ሳይቀድ እርጥብ ወለል ላይ ከተደረደሩት ትልልቅ የቱና ዓሦች መካከል የእንጨት ሳጥን ላይ ይቆምና ዋጋ ይጠራል፤ ገዢዎቹ በጣታቸው ይመልሱለታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ድምፁን ገበያው በር ላይ ትቶ ወደ ቤት ቢመጣ ጥሩ ነበር። አባቴ ግን ይዞት ይመጣል። ራት ላይ «እስቲ የሶያውን ስጎ አቀብሉኝ» ሲል የጎረቤቱ ሰውዬ ከመቀመጫው ብድግ ይላል ብለው ይቀልዱበት ነበር። ያንን ድምፅ ከእኛ መካከል የወረስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እህቴ ቺሃሩ የእናቴን ድምፅ ነው የወሰደችው፤ አጠገቧ ቁጭ ብለው ካላዳመጧት አትሰማም። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በረዶ ላይ ስትንሸራተት ነው ያደገችው፤ ከትምህርት በፊት ትሄዳለች፣ ከትምህርት በኋላ ትሄዳለች። ለእኔ የእህቴ ሽታ የእርጥብ ሱፍ ጓንትና የብረት ሽታ ነው።

እናቴ የበረዶ ሜዳ ላይ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛ የልጆቹን ቀሚስ ትሰፋለች። ሁለተኛ ሕግ ታወጣለች። ወደ ውድድር በሄድን ቁጥር ትራሳችንን መቀመጫው ላይ ካነጠፈች በኋላ ጣቷን እያጠፈች ታስጠናኛለች።

«ሙዚቃው ሳይጀምር?»

«በርቺ ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ከጀመረ በኋላስ?»

«ከመቀመጫ አይነሱም። አይዞሩም። ልትዘል ስትል አይተነፍሱም።»

«ስትወድቅስ?»

«አዬ አይባልም።»

«ለምን?»

«ወለሉ ስለሚበቃት።»

«ጎበዝ። ሲወድቁ ወለሉ ይበቃል፤ አንቺ ደግሞ ከላይ አትጫኛት። አዬ ብሎ መተንፈስ ሰው ላይ ድንጋይ እንደመጫን ነው። ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ስትነሳ ታጨበጭቢያለሽ። ለእኛ ልጅ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም።»

አይተነፍሱም የምትለውን ቃል በቃል ነበር የምወስደው። አንድ ጊዜ አንዷ ልጅ ለዝላይ ስትዞር ስትዞር ቆይታ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ ዓይኔ ጨልሞብኝ ትራሴ ላይ ወድቄያለሁ።

ሕጉን ያፈረሰው ግን አባቴ ነው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ እያለሁ፣ ቺሃሩ በአንድ ውድድር ላይ ወደቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አባቴ ብድግ ብሎ በዚያ በገበያ ድምፁ «ተነሺ፣ ቺሃ!» አለ። አንደኛው ዳኛ እርሳሱ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ደንግጦ ሲያበቃ የሚስቀው ዓይነት ነበር። ቺሃሩ ተነሳች፣ ጨረሰችም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ግን ልጆቹ እጃቸውን እያጨበጨቡ «ቱና መጣች፣ ሁለት መቶ ኪሎ፣ ማን ይጨምራል?» አሏት።

ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባዋን ለአባቴ ሰጥታ ራቷን በላች። በአራተኛው ቀን ዞራ፣ ጎድጓዳ ሳህኗን አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ በረዶ ሜዳ ውስጥ አፍህን እንዳትከፍት» አለችው።

«አንዲት ቃልም?»

«አንዲት ቃልም። ብትከፍት እተወዋለሁ። ስኬቱን ማለቴ ነው።»

አባቴ «እሺ» አለ። በሕይወቴ ከእሱ አፍ ቀስ ብሎ ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ያ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ። የክልሉ ውድድር ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አሰልጣኟ ወይዘሮ ሂሮሴ ቤታችን መጡ። ቺሃሩ ገላዋን ልትታጠብ ሄዳ ነበር። እኔ ደግሞ ኮታትሱ ውስጥ ነበርኩ። ኮታትሱ ማለት ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ዙሪያውን ብርድ ልብስ የለበሰ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ነው፤ ልጅ ከሆኑ ሙሉ በሙሉ ይገቡበታል። ከውስጥ ሆኜ የሁሉንም እግር አያለሁ። የወይዘሮ ሂሮሴ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር።

«ሰንዳይ ከተማ አዲስ የበረዶ ሜዳ ተከፍቷል» አሉ ወይዘሮ ሂሮሴ። «ከሚያዝያ ጀምሮ እዚያ ነኝ። ቺሃሩን ስጡኝ።»

የእናቴ እግር ወደ ኋላ ተሰበሰበ።

«በባቡር ስንት ሰዓት ነው?» አለ አባቴ።

«ግማሽ ቀን ገደማ። ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ትለማመዳለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እዚህ ብትቀር ግን ባለችበት ነው የምትቀረው። ይህንን ከእርስዎ መደበቅ አልችልም።»

«ነገ ትወድቃለች?»

«አዲሱ ዝላይ ገና ነው። ከአምስት ሦስቱን ትወድቃለች።»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማለትም እንደ ሌላው ሰው ድምፅ አድርጎ፣ «እንግዲያው ትውደቅ» አለ። «እኔ ሳልጠራት ከተነሳች ይውሰዷት። ካልተነሳች ገና ናት፤ ከቤት አትወጣም።»

እናቴ በቀይ ሚሶ፣ በጨዋማው የአኩሪ አተር ሊጥ፣ ከበሰለው ፍጅል ለወይዘሮ ሂሮሴ እንደገና ስትጨምርላቸው የጭልፋውን ድምፅ ሰማሁ።

የአጫራች ልጅ ነኝና የገባኝ በደንብ ነው የገባኝ። ስጡኝ ተብሏል፤ ስለዚህ ሽያጭ ነው። ቅድመ ሁኔታውም ተቀምጧል፤ ትወድቃለች፣ ከተነሳች ተሸጠች፣ ካልተነሳች ቀረችልን። ለራሷ ካልሲ መግዛት ያቃታት ሴትዮ እህቴን ልትወስድ ነው። በዚያ ሙቀት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ይህን ሁሉ ሳስብ፣ ማንም ለቺሃሩ እንዳልነገራት አወቅሁ።

ዛሬ ያንን ንግግር ሳስታውሰው አባቴ ያለው ሌላ ነገር ነበር። በእሱ ድምፅ የምትነሳ ልጅ፣ ድምፁ በማይደርስበት ከተማ ምን ይውጣታል ማለቱ ነው። ልጁን ለመስጠት ሳይሆን ልጁን ለማመን ምክንያት እየፈለገ ነበር። ያኔ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አፉን በነጭ ጭምብል ሸፍኖ መጣ። እኛ ዘንድ ጉንፋን የያዘው ሰው ሌላውን ላለማስያዝ ጭምብል ያደርጋል። ስለዚህ ጉሮሮውን አሞታል ብዬ ደመደምኩ፤ እሰይ፣ ልጁን የሸጠ ሰው ይመመው ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ አሳዘነኝና ከኪሴ የጉሮሮ ከረሜላ አውጥቼ ሰጠሁት። ከረሜላውን አገላብጦ አየው፤ ራሱን ነቅንቆ ኪሱ ከተተው። ጤነኛ ነበር። ጭምብሉን ያደረገው አፉን ስላላመነው ነው።

እናቴ የቺሃሩን ፀጉር ስትጎነጉን አጠገባቸው ተንበርክኬ፣ ማበጠሪያ ማቀበሉን ሰበብ አድርጌ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ዛሬ ብትወድቂ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እነሳለኋ።»

«ባትነሺስ?»

«ወለሉ ይበርዳል፣ ሱዙ።»

«ቢበርድስ? ትንሽ ብትቆዪስ?»

«እማዬ፣ ይህቺ ልጅ ዛሬ ምን ሆናለች?» አለች እየሳቀች። እናቴ በአፏ የፀጉር ሽቦ ይዛ ስለነበር አልመለሰችም።

አዳራሹ ትልቅ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። አባቴ ከእኛ ጋር አልተቀመጠም። ቃሉን የሚያፈርስ ከመሰለው ቶሎ መውጣት እንዲችል ነው መሰለኝ፣ ከእኛ አራት ረድፍ ወርዶ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጠ። እኔ የማየው ማጅራቱንና የጭምብሉን ክር ነበር። እናቴ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከቺሃሩ በፊት ሦስት ልጆች ወጡ። ሁለተኛዋ ሁለት ጊዜ ወደቀች። በሕጉ መሠረት ዝም አልኩ፣ ስትነሳ አጨበጨብኩላት። እንዲያውም ከሁሉ በላይ አጨበጨብኩ፤ እሷ ብትነሳ እኔ ምን ቸገረኝ።

ከዚያ ስሟ ተጠራ። ሰማያዊ ቀሚሷን እናቴ የሰፋችው በራሷ የድሮ የክብር ልብስ ሐር ነው። መሐል ሜዳ ላይ ቆማ እጆቿን ስታነሳ፣ የክለቧ ልጆች በአንድ ድምፅ «ቺሃሩ፣ በርቺ!» አሉ። እኔ አላልኩም። አፌን በእጄ ይዤ ነበር።

ሙዚቃው ቫልስ የሚሉት የዳንስ ሙዚቃ ነበር። ተንሳፈፈች፣ የመጀመሪያውን ዝላይ አሳምራ ወረደች፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ በረጅሙ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ወደ እኛ በኩል መጣች። እንደ ደንቡ ትንፋሼን ያዝኩ። ዘለለች።

መውደቋን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። በረዶ ላይ ሰው ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የማይመስለው ነው፤ ከባድ ነገር ከቁም ሳጥን ላይ እንደመውደቅ ነው። በጎኗ እየተንሸራተተች መጥታ በቀጥታ ከእኛ ሥር ያለውን አጥር መታች። ሕጉን የማያውቅ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ላይ «አዬ» ብሎ ተነፈሰ። የእናቴ ከንፈር ነጭ ሆነ።

ቺሃሩ በሁለት እጇ ተደግፋ ቀና አለች። አልተነሳችም። ሌላ ጊዜ ከመውደቋ መነሳቷ ይፈጥን ነበር። ያን ቀን ግን ቁጭ አለች፤ በረዶውን ታያለች። ሙዚቃው እሷን ትቶ እየሄደ ነው። የአባቴ ትከሻ ወደ ላይ ሲነሳ አየሁ፤ ሁለቱም እጆቹ የፊቱን መቀመጫ ጨምድደው ይዘዋል። አልጠራትም። ወይዘሮ ሂሮሴ አጥሩ ጋ ቆመው፣ እሳቸውም አልጠሯትም። ሁሉም ዋጋውን እየጠበቀ ነው አልኩ በልቤ።

መቀመጫዬ ላይ ቆምኩ። ከአባቴ በወረስኩት ድምፅ፣ በሙሉ ኃይሌ፣ «አትነሺ፣ እትዬ!» አልኩ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ምን እንደሚሠራ የማውቀው ዛሬ ነው። የቃልን መጀመሪያ ይውጠዋል፤ የቀረውን አብዝቶ ይመልሳል። ሰው ደግሞ ሊሰማ ተዘጋጅቶ የመጣውን ነው የሚሰማው። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ የደረሰው «ተነሺ፣ እትዬ!» ነበር።

ቺሃሩ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ እስካሁን ስም ላወጣለት አልቻልኩም፤ ፈገግታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነሳች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከፊታችን የነበሩ ሽማግሌ ዞረው፣ ለእኔ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝና አንድ መንደሪን እጄ ላይ አኖሩ። «እህት ማለት እንዲህ ናት» አሉ። እኔ መንደሪኑን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው በደስታ ነው መስሏቸው እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ። እናቴ እጄን ስባ አስቀመጠችኝና ጭኔ ላይ ቆነጠጠችኝ። ወዲያው ደግሞ የቆነጠጠችበትን ቦታ አሻሸችልኝ።

ጭብጨባው አላቆመም። ሰዉ ሊያግዛት ፈልጎ ከሙዚቃው ጋር ማጨብጨብ ጀመረ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እህቴ ግን መነሳቷ ያልበቃት ይመስል እግሯ ይደናቀፍ ጀመር፤ አንዱን መዞሪያ ዘለለችው፣ ሌላውን ግማሽ ላይ ተወችው። ያን ጊዜ አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። በሕግ የተከለከለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አደረገ። ደረጃውን ወረደ፣ አጥሩ ጋ ደረሰ፣ ለበረዶው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ሦስት ጣት አሳየ። ከዚያ ጨብጦ ወደ ታች አወረደው። እንደገና ሦስት ጣት፤ እንደገና ጭብጥ።

ይህንን ምልክት እናውቀዋለን። ገበያ ላይ ሦስት ጣት ሦስት ማለት ነው፤ ተጨብጦ ሲወርድ አለቀ፣ ተሸጠ ማለት ነው። ወይዘሮ ሂሮሴ አጥሩ ጋ እንደቆሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻጩም ተስማማ፣ ገዢዋም ተስማማች። በሦስት። ሦስት ምን እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም።

ቫልስ በሦስት እንደሚቆጠር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ሁለት ሺህ ደግ ሰዎች በሁለት እያጨበጨቡ እህቴን ከሙዚቃዋ ላይ እየጎተቱ ሊጥሏት ነበር። ደግነታቸው ነበር የሚያደናቅፋት። አባቴ ሙዚቃ አያውቅም፤ ግን መቶ ሰው በአንድ ቅጽበት ላይ በእጁ ማምጣትን ሠላሳ ዓመት ሠርቶበታል። አንድ ላይ ምቱ፣ ሁለትና ሦስትን ዝለሉ፤ ሲል የነበረው ይህንን ነው። መጀመሪያ የፊተኛው ረድፍ ገባው፣ ከዚያ ከበላዩ ያሉት፣ ከዚያ ሁሉም። ጧ፣ ዝም፣ ዝም። ጧ፣ ዝም፣ ዝም። የቺሃሩ እግር ምቱን አገኘ። የመጨረሻዋን ሽክርክሪት ስትጨርስ አባቴ አሁንም ጀርባውን ሰጥቷት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን እያነሳ ያወርድ ነበር። አፉን አልከፈተም። ቃሉን ጠብቋል።

ሰባተኛ ወጣች። ወደሚቀጥለው የሚያልፉት ስድስት ናቸው። ለእኔ ግን ሰባተኛም አንደኛም ያው ነበር፤ ተነስታለች።

በሚያዝያ ሰንዳይ ሄደች። ባቡር ጣቢያ ድረስ አብሬ ሄጄ፣ ልክ ባቡሩ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጠኋት። አባቴን የቀጣችበትን ቅጣት እኔ በእሷ ላይ ተጠቀምኩበት። ከኋላዬ መጥታ እጇን ራሴ ላይ አደረገችና በዚያ በማይሰማ ድምፅዋ «በርቺ» አለችኝ። ሳልዞር ባቡሩ ሄደ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአካባቢያችን ጋዜጣ ታሪኩን ጥግ ላይ አወጣው፤ «ተነሺ፣ እትዬ! የሰባት ዓመቷ ታናሽ እህት ጥሪ» ይላል። አባቴ ቆርጦ አስቀመጠው። ለመጣው ሁሉ ያወራል፤ ሲያወራ ቃሏ ጋ ሲደርስ ድምፁን ለቆ ይጮሃታል፤ እንግዳው ይደነግጣል፤ ከዚያ እኔ እጠራለሁ። በመጀመሪያ ፈርቼ፣ ቀጥሎ ጥሞኝ፣ በመጨረሻም ረፍዶብኝ ዝም አልኩ። ድምፄ ዛሬ መተዳደሪያዬ ሆኗል፤ ናጎያ ባቡር ጣቢያ የባቡሮቹን መምጣትና መሄድ የምናገረው እኔ ነኝ። ሥራ ስገባ የጠየቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ «አንቺ ያቺ ልጅ ነሽ?» ብለውኛል።

አባቴ ባለፈው መኸር አረፈ። ከገበያ ያመጣውን የእንጨት ሳጥን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የአጫራችነት ኮፍያው ነበር፣ የተላጠ እርሳስ ነበር፣ ከወረቀቱ ጋር የተጣበቀ ያረጀ የጉሮሮ ከረሜላ ነበር። ከሥራቸው የጋዜጣው ቁራጭ። «ተነሺ» የሚለው ቃል በእርሳስ ተሰርዟል። ከበላዩ፣ የዓሣ ዋጋ በሚጽፍበት በዚያ በተጣደፈ ፊደሉ፣ «አትነሺ» ተብሎ ታርሟል።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሃያ ሰው ጩኸት መካከል የአንዱን ሰው ዋጋ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ፣ የገዛ ልጁን ቃል እንዴት ይስታል። አርባ ዓመት ሙሉ እያወቀ ነው የሸፈነልኝ። እናቴም ያን ቀን አጠገቤ ነበረች። አሁን ሳስበው የቆነጠጠችኝ ለጩኸቱ ነው፤ ያሻሸችልኝ ለቃሉ ነው።

ሳታውቅ የቀረችው ቺሃሩ ብቻ መሰለችኝ። ቁራጩን በቦርሳዬ ይዤ ሰንዳይ ሄድኩ። እህቴ ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ወይዘሮ ሂሮሴ በቆሙበት ቦታ ቆማ ልጆች ታሰለጥናለች። ስደርስ ከትንንሾቹ ጋር ነበረች። እጇ ላይ ያለው ጓንት አሁንም እርጥብ ሱፍ ይሸታል። አጥሩን ተደግፈን ጎን ለጎን ቆምን። ወረቀቱን ከማውጣቴ በፊት አፌ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩት ተነሺ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከልጆቹ ላይ ሳታነሳ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካልሽበት ደቂቃ ጀምሮ ነዋ። አጥሩ ሥር ነበርኩ እኮ፤ ከአንቺ በታች። ጣሪያው የዋጠው ለሌላው ሰው ነው።»

«እና አርባ ዓመት ዝም አልሽኝ?»

«ሲያመሰግኑሽ ደስ ይልሽ ነበር። ደግሞም አንቺ ዝም ካልሽ እኔ ምን አገባኝ።»

ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። የአባቴን እርሳስ ረጅም ጊዜ አየችው። በአውራ ጣቷ «አ» የምትለዋን ፊደል ዳሰሰቻት። ሜዳው ላይ ሮዝ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ዘልላ ወደቀችና ባለችበት ቁጭ አለች።

«ታዲያ አትነሺ እያልኩሽ ለምን ተነሳሽ?» አልኳት። «እንድትሄጂ አልፈልግም ነበር። እዚያው ብትቀሪ ከእኛ ጋር ትቀሪያለሽ ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«እንዴት?»

«በዚያ ዓመት ያገኘኝ ሰው ሁሉ ተነሺ ይለኝ ነበር። አባዬ አፉን ሸፍኖ እንኳ በትከሻው ተነሺ ይለኝ ነበር። ካልተነሳሽ አንቺ ማን ነሽ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ወድቄ፣ በቃኝ፣ አልነሳም ብዬ ነበር፣ ሱዙ። እውነቴን ነው። ያን ጊዜ አንዲት ሰው፣ በዚያ የቱና ድምፅዋ፣ አትነሺ አለችኝ። ወድቄ ብቀርም የምትፈልገኝ ሰው አለች ማለት ነው አልኩ።» ወረቀቱን አጥፋ በጓንቷ ውስጥ ከተተችው። «ከዚያ በኋላ መነሳቱ ምን ይከብዳል።»

ሮዝ ኮፍያ ያደረገችው ልጅ አሁንም በረዶው ላይ ናት፤ ጓንቷን አውልቃ ጉልበቷን ታሻሻለች፣ ወደ እኛ በኩልም ታያለች። እህቴ አልጠራቻትም። እኔም አዬ አላልኩም። እስክትነሳ ድረስ ሁለታችንም እጃችንን አዘጋጅተን ጠበቅናት።